የቤት ኮምፒውተር ሲያስቸግርና የድምፅና የምስል ፋይል አልከፈት ሲል፦ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

መንግሥታዊ አገልግሎቶች ወደ በይነ መረብ እየተሸጋገሩ በሄዱ ቁጥር የቤት ኮምፒውተር ከመዝናኛነት አልፎ የጉዳይ ማስፈጸሚያ መሣሪያ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ወዲህ ተገልጋዩ ቀድሞ ሰልፍ ይዞ ያስፈጽማቸው ከነበሩት ጉዳዮች በርካታዎቹ ከቤት ሆኖ የሚያስጀምራቸው ሆነዋል። ለምሳሌ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለው፣ ወይም የአገልግሎቱ ገጽ አልከፈት ያለው ነጋዴ የሚገጥመው ችግር የቴክኒክ ብቻ አይሆንም፤ ቅጣትም ይከተለዋል።

በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ተገልጋይ ኮምፒውተሩን ለማስጠገን ወደ አዲስ አበባ ልሂድ ቢል ግማሽ ቀኑን መንገድ ላይ ያጠፋል። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአሸዋ ሜዳና በአስኮ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ ይኖርበታል። ከሚያጋጥሙት ብልሽቶች ብዙዎቹ ግን ያለ ባለሙያ እገዛ እቤት የሚስተካከሉ ናቸው። ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ተገልጋዩ በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ እንዲያውቅ ለማስቻል ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት አንድ ልማድ ማዳበር ይጠቅማል። ኮምፒውተሩ በስክሪኑ ላይ የስሕተት መልእክት ሲያወጣ መልእክቱን ከመዝጋትዎ በፊት በእጅ ስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ከዚያም ችግሩ ከመከሰቱ በፊት ምን እንደተለወጠ ያስታውሱ፦ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ ነበር? ፍላሽ ተሰክቶ ነበር? መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር? ችግሩ በቤትም ሆነ በጥገና ቦታ ቢፈታ፣ የመጀመሪያው ፍንጭ የሚገኘው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሣ ሲል

በመጀመሪያ የሚመረመረው ኮምፒውተሩ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ሶኬቱ ላይ የስልክ ቻርጀር ወይም መብራት ሰክተው ኃይል መኖሩን ያረጋግጡ። በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ማከፋፈያ ራሱ ብዙ ጊዜ የችግሩ ምንጭ ስለሚሆን ኮምፒውተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝተው ይሞክሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም ያውጡት፤ ከዚያም የማስነሻ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ። በውስጡ የቀረው ትርፍ ኃይል ሲፈስ ብዙ ላፕቶፖች መልሰው ይነሣሉ። ከዚህ በኋላ ቻርጀሩን መልሰው ይሰኩ።

ከውጭ አገር በሻንጣ የመጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖችን በሚመለከት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ፣ ማዞሪያ አለ። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ነው። አሜሪካን አገር ሲሠራ የነበረ ማሽን ማዞሪያው 115 ላይ እንዳለ እዚህ ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ስለዚህ ዘመድ የላከልዎትን ዴስክቶፕ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። የላፕቶፕ ቻርጀር ከሆነ በላዩ የታተመውን ያንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም።

መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚቃጠለው የሚባለው አነጋገር መሠረት አለው። ኃይሉ ተመልሶ በሚመጣበት ቅጽበት ቮልቴጁ ከልክ በላይ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከመጣ በኋላም ጥቂት ደቂቃዎች ጠብቀው ይሰኩ። በዚህ ረገድ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ የተባሉት ዕቃዎች በገበያ ላይ ሲምታቱ ይስተዋላል። ስታቢላይዘር የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ ኃይል አይሰጥም። ዩፒኤስ በውስጡ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ የጀመሩትን ሥራ አስቀምጠው ማሽኑን በሥርዓት የሚያጠፉበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው ዩፒኤስ አያስፈልገውም። የኃይል መዋዠቁ የመንደሩ ሁሉ ችግር ከሆነ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ነፃ የስልክ መስመር ማሳወቅ ይገባል። የመዋዠቁን ሰዓትና ቀን ጽፈው ቢያስመዘግቡ አቤቱታዎ ተጨባጭ ይሆናል።

የዴስክቶፑ መብራት በርቶ፣ ማራገቢያውም እየዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ከቀረ በቅድሚያ የሞኒተሩን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ነቅለው ይሰኩ። ማሽኑ ደጋግሞ የሚጮህ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ራም የተባለው የማስታወሻ ክፍል ከመቀመጫው መላላቱ ወይም በአቧራ መሸፈኑ ነው። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ከሶኬት ይንቀሉ፤ የብረት ሽፋኑን በእጅዎ ነክተው በሰውነትዎ ያለውን የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ያስወግዱ፤ ራሙን አውጥተው የወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ይጥረጉ፤ ከዚያም ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ መልሰው ይግጠሙት። በበጋው አቧራ ወቅት ለተዘጋ ማሽን ይህ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፓወር ሰፕላዩን ግን በምንም ምክንያት አይክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኃይል ተከማችቶ ይቆያል።

የአገልግሎት ገጽ አልከፈት ሲልና የሰዓቱ ነገር

ተገልጋዮችን በከንቱ ከሚያንከራትቱ ችግሮች ዋነኛው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ ቴሌግራምም ይገባል፤ የመንግሥት ወይም የባንክ ገጽ ሲከፈት ግን ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ እንዳልሆነ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ይቆማል። ብዙ ሰው ገጹ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል፤ ሌላውም ወደ ቢሮ በአካል ይሄዳል። ከዚህ በፊት ግን በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ ያለውን ቀን ማየት ይገባል።

እያንዳንዱ አስተማማኝ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የዲጂታል ምስክር ወረቀት አለው። ምስክር ወረቀቱ ልክ እንደ መታወቂያ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የኮምፒውተርዎ ቀን ከዓመታት በፊት ላይ ከቆመ፣ ብሮውዘሩ ትክክለኛውን ምስክር ወረቀት ገና ያልተሰጠ አድርጎ ይቆጥረውና በሩን ይዘጋል። ጥፋቱ የገጹ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ቀኑ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በማዘርቦርዱ ላይ የምትገኘው ሲአር2032 የተባለች የ3 ቮልት ባትሪ ስታልቅ ነው። ባትሪዋ ካለቀች ማሽኑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ቀኑን አስተካክለው በማግሥቱ መልሶ ከተሳሳተ ምክንያቱ እሷ ናት። ዋጋዋ ትንሽ ሲሆን በዴስክቶፕ ላይ ማንም ሰው በጥፍሩ አውጥቶ ሊለውጣት ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የእኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ስለሆነ በዓመቱ ቦታ ላይ የእኛን ዓመተ ምሕረት ያስገባ ሰው ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ወስዶታል ማለት ነው። በሰዓትም በኩል እንዲሁ ነው። ከጧቱ 2 ሰዓት በኮምፒውተሩ 8 ሰዓት ነው፤ 2 ሰዓት ብሎ መሙላት የስድስት ሰዓት ስሕተት ያስከትላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በቀንና ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ከሚለው ላይ ያድርጉት። ናይሮቢና አዲስ አበባ በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ስለሚገኙ ዊንዶውስ የሚጠቀመው ያንን ስም ነው። ከዚያም ሰዓቱ ራሱን በኢንተርኔት እንዲያስተካክል የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ። ቀኑ ትክክል ሆኖም ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን በግድ ልለፍ የሚለውን ምርጫ አይጫኑ፤ በተለይ የፋይዳ ቁጥርዎን ወይም የይለፍ ቃልዎን በሚያስገቡበት ገጽ ላይ ይህ አደገኛ ነው።

ስለ መንቀራፈፍና ስለ ቫይረስ በአጭሩ

ኮምፒውተሩ የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ የማከማቻ ዲስኩ ስለሞላ፣ ሲነሣ አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች ስለበዙ፣ ወይም ዲስኩ ስላረጀ ነው። በአሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ምትክ ኤስኤስዲ የተባለውን ማስገባት አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በእጅጉ ርካሽ ሲሆን ለውጡ ወዲያው ይታያል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ግን ሌላ ነገር ሁሉ ይቅር። ማሽኑን ደጋግሞ ማስነሣት ዲስኩን ይበልጥ ይጎዳዋል። በነሣ ጊዜ በቅድሚያ ተፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ዊንዶውስ 10ን የሚጠቀሙ ደግሞ የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ ሊያውቁ ይገባል። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ የጥበቃ ማሻሻያ ግን በነበረው መልክ አይደርሰውም።

ፍላሽ ሲከፈት በውስጡ የነበሩት ፎልደሮች ጠፍተው በቦታቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች ከታዩ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። አቋራጮቹን አይክፈቱ፤ ሲከፈቱ ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። ፍላሹን ፎርማት አድርግ ለሚል ምክርም አይቸኩሉ። ፍላሹን በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ይፈትሹ፤ ከዚያም በፋይል ማሳያው ቪው በሚለው ሥር የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ። ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ሲታዩ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጧቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልታዩ ወደ ባለሙያ የሚኬደው ያን ጊዜ ነው። ቫይረሱ በአብዛኛው የሚገኘው ፎቶ ኮፒና ሕትመት ከሚሰጥባቸው ቤቶች ስለሆነ ለሕትመት የሚወሰደው ፍላሽ ሌላ ሰነድ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል።

የድምፅና የምስል ፋይሎች

የሥልጠና ቪዲዮ፣ የትምህርት ቅጂ፣ የሠርግ ፊልም፣ በስልክ የተቀዳ ድምፅ፦ እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያስነሣሉ። ፋይሉ አለ፤ ግን አይከፈትም፤ ወይም ምስሉ አለ፣ ድምፁ የለም፤ ወይም ድምፁ አለ፣ ምስሉ ጥቁር ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ፋይሉን እንደ አገልግል ማሰብ ይጠቅማል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚታየው ኤምፒ4፣ ኤቪአይ ወይም ኤምኬቪ የአገልግሉ ዓይነት ነው። በውስጡ ያለው ምግብ ግን ከክዳኑ አይታወቅም። ሁለት ፋይሎች ሁለቱም ኤምፒ4 ሆነው በአንዱ ውስጥ ያለው ምስል ኤች.264 በተባለው ስልት፣ በሌላው ያለው ደግሞ ኤች.265 በተባለው አዲስ ስልት ተጨምቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ጭምቅ ፈትቶ የሚያቀርበው መሣሪያ ኮዴክ ይባላል። ኮምፒውተሩ የአንዱ ኮዴክ ኖሮት የሌላው ከሌለው የመጀመሪያው ፋይል ይከፈታል፤ ሁለተኛው ድምፅ ብቻ ያሰማል። ከዚህም የተነሣ የፋይሉን ስም ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየር ምንም አይፈይድም። አገልግሉን ቀለም መቀባት እንጂ ምግቡን መለወጥ አይደለም።

ለአብዛኛው ችግር መፍትሔው ቪኤልሲ የተባለውን ማጫወቻ መጫን ነው። ቪኤልሲ በ1996 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አንድ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከጀመሩት ፕሮጀክት የወጣ ሲሆን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮዴኮቹን በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግም። ክፍያ አይጠይቅም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ቪኤልሲ ካጋጠመዎት ሐሰተኛ ነው። መለያው ብርቱካናማ የመንገድ ኮን ሲሆን መውረድ ያለበት ቪዲዮላን ከተባለው ከአዘጋጁ ድርጅት ገጽ ብቻ ነው። በፊልም ማውረጃ ገጾች ላይ ይህን ፊልም ለማየት አዲስ ኮዴክ ይጫኑ የሚል ማስታወቂያ በድንገት ብቅ ቢል ዝጉት፤ በአብዛኛው የቫይረስ መግቢያ ነው።

ቪኤልሲም አልከፍት ካለ ፋይሉ ራሱ ጎደሎ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። በተለይ ኤምፒ4 ፋይል የይዘቱ ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻ ላይ ነው። ስልኩ እየቀረጸ ባትሪው ካለቀ፣ ማውረዱ በመሐል ከተቋረጠ፣ ወይም ፍላሹ ገልብጦ ሳይጨርስ ከተነቀለ ማውጫው ሳይጻፍ ይቀራል፤ ማውጫ የሌለውን ፋይል ደግሞ ማጫወቻው የት እንደሚጀምር አያውቅም። ይህን ለማረጋገጥ የዋናውን ፋይል መጠን ከግልባጩ መጠን ጋር ያነጻጽሩ። ዋናው 700 ሜጋባይት ሆኖ ግልባጩ 312 ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። እንደገና መገልበጥ ይበቃል። ከዚህ በኋላም ፍላሽ ከመንቀልዎ በፊት በሥርዓት የማውጣቱን ትእዛዝ ይስጡ።

የሠርግ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው የሚል መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ የሚሆነው ፍላሹ ፋት32 በተባለው አደረጃጀት ስለተዘጋጀ ነው፤ ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹን ኤክስፋት በተባለው አደረጃጀት ፎርማት ማድረግ ችግሩን ይፈታል፤ ሆኖም ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድመው ይገልብጡ። አሮጌ ቴሌቪዥኖችና ዲኮደሮች ኤክስፋትን ላያነቡ እንደሚችሉም ይታወቅ።

ምስሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ከማጫወት ይልቅ አስቀድመው ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡት። አሁንም ከተቆራረጠ ቪዲዮው በአዲስ ስልክ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸና ከማሽኑ አቅም በላይ የሆነ ሊሆን ይችላል። ድምፅ ከጠፋ ደግሞ በስክሪኑ ግርጌ ያለውን የድምፅ ማጉያ ምልክት ከፍተው ድምፁ ወዴት እየወጣ እንደሆነ ይዩ። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ከተያያዘ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከአንድ በላይ ቋንቋ ያለው ፊልም ከሆነ በቪኤልሲ ኦዲዮ በሚለው ሥር ሌላ የድምፅ መስመር ይምረጡ። ቪኤልሲ ድምፅን ከ100 በመቶ በላይ ማሳደግ ያስችላል፤ ለደካማ ቅጂ ይረዳል፣ ለላፕቶፕ ትንንሽ ስፒከሮች ግን አይበጅም።

ለአገልግሎት የሚላኩ ፋይሎች

በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት፣ በአሮጌ ስልክ የተቀዳ ድምፅና በአይፎን የተቀዳ ድምፅ ሦስቱም የተለያየ ዓይነት ፋይል ናቸው። ተቀባዩ መሥሪያ ቤት ኤምፒ3 እንዲሆን ከጠየቀ ቪኤልሲ ራሱ ይለውጠዋል። ኮንትሮልና አር የተባሉትን ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የመለወጫው መስኮት ይከፈታል፤ ፋይሉን ይጨምሩ፣ ኤምፒ3 የሚለውን ይምረጡ፣ አዲስ ስም ይስጡ። ዋናውን ቅጂ ግን አያጥፉ። ድምፁ ወይም ቪዲዮው ለማስረጃነት የሚፈለግ ከሆነ መጀመሪያ የተቀዳበት ስልክና ያልተነካው ፋይል ከተለወጠው ግልባጭ የበለጠ ዋጋ አለው።

በአይፎን የተነሣ ፎቶ ደግሞ ኤችኢአይሲ በተባለ ዓይነት ስለሚቀመጥ በርካታ የማመልከቻ ገጾች አይቀበሉትም። ተገልጋዩ ፎቶው ደብዛዛ ስለሆነ የተመለሰ ይመስለውና ደጋግሞ ያነሣል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ካሜራ፣ ቀጥሎም ፎርማትስ የሚለውን ከፍተው ከሁሉም ጋር የሚስማማውን ምርጫ ካደረጉ ከዚያ በኋላ የሚነሡት ፎቶዎች በተለመደው ጄፔግ ይቀመጣሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ በቪዲዮ ግርጌ ሲታይ ሳጥን ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ችግሩ የፊደል አቀማመጥ ነው። በቪኤልሲ ማስተካከያ ውስጥ የትርጉም ጽሑፉን ዩቲኤፍ-8 ወደሚለው፣ የፊደሉን ዓይነት ደግሞ ኤብሪማ ወይም ኒያላ ወደሚለው ይለውጡ። በተመሳሳይ፣ የቆየ ሰነድ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ከታዩ ሰነዱ እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የቀድሞ ፊደላት የተጻፈ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው። ሰነዱ አልተበላሸም። ላኪው ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ እንዲልክልዎት መጠየቅ ቀላሉ መንገድ ነው።

የቪሲዲ፣ የዲቪዲና የካሴት ቅርሶች

በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃና የሐዘን ቀን ቪዲዮዎች በቪሲዲ ተቀምጠው ይገኛሉ። ከነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ አለ። በእጅ የሚቃጠሉ ዲስኮች ዘላለማዊ አይደሉም። የሚቀረጽበት የቀለም ንብርብር በብርሃንና በሙቀት ይደክማል፤ የላይኛው ሽፋንም ይላጣል። የተላጠ ሽፋን ያለበት ዲስክ ከዚያ ቦታ ላይ ያለውን መረጃ መልሶ አይሰጥም። ስለዚህ ግልበጣው ለሌላ ጊዜ የሚባል ሥራ አይደለም።

ቪሲዲ ሲከፈት በውስጡ ዳት የሚል መጨረሻ ያለው ትልቅ ፋይል ይገኛል፤ ይህን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው በቪኤልሲ ማጫወት ይቻላል። ጥራቱ በአግድም 352 በቁመት 288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በዛሬ ስክሪን ላይ ደብዛዛ ቢመስል አይደነቁ፤ ያኔም እንዲሁ ነበር። ዲቪዲ ከሆነ በውስጡ ያለውን የቪዲዮ ፎልደር ሳይከፋፍሉ በሙሉ ይገልብጡ። ግልበጣው በመሐል ከቆመ ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ ይጥረጉ። እያዞሩ መጥረግ ከዲስኩ ዙሪያ ጋር የሚሄድ ጭረት ስለሚፈጥር ንባቡን ያባብሳል። አንዱ ማጫወቻ ያላነበበውን ሌላው ሊያነብ ስለሚችልም በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩ። አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማጫወቻ የላቸውም፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ከጎረቤት መዋስ ይቻላል። የቪኤችኤስ ካሴት ግን መቅረጫ መሣሪያ ስለሚፈልግ ወደ ፎቶና ቪዲዮ ቤት መውሰድ ግድ ነው። ሥራው ሲያልቅ ካሴቱን መልሰው መረከብዎን አይርሱ። የተገለበጠው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ በአንድ ፍላሽ ብቻ የተቀመጠ እንዳልተቀመጠ ይቆጠራል።

ድምፁ ስክሪን ለሆነላቸው

ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። ዓይነ ስውር ተማሪ ወይም መምህር ባለበት ቤት የድምፅ መጥፋት ፊልም የማጣት ጉዳይ አይደለም። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ሶፍትዌር ዝም ሲል ኮምፒውተሩ በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ የሚከተለውን የቤተሰቡ አባላት ሁሉ ቢያውቁት ይመከራል። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተጀመረ ሲሆን ሁለቱም ጀማሪዎቹ ዓይነ ስውራን ናቸው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የንባብ ድምፅ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ ነው። አንባቢው በድንገት ዝም ካለ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤን አብረው ሲጫኑ ይነሣል። ይህ ካልሠራ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ኢንተር በአንድነት ሲጫኑ የዊንዶውስ የራሱ አንባቢ ይጀምራል። ሁለቱም ካልተሰሙ ችግሩ የስፒከሩ ስለሆነ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ይሞክሩ። በዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ የራሱን የድምፅ ክፍል ይዞ ስለሚመጣ የኮምፒውተሩ የድምፅ ክፍል ቢበላሽም ይሠራል፤ በእንደዚህ ዓይነት ቤት በመጠባበቂያነት ሊቀመጥ ይገባል።

ወደ ጥገና ሲወስዱ

በቤት የማይፈታ ችግር ሲሆን ማሽኑን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ይመጣል። በኮምፒውተሩ ውስጥ የመታወቂያ ቅጂ፣ የባንክ ደብተር ፎቶ፣ የቤተሰብ ምስል ይኖራል። የግል ሕይወት የመከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ ሲሆን የግል መረጃ ጥበቃንም የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሆኖም ከማንኛውም ሕግ አስቀድሞ የሚደርሰው የራስ ጥንቃቄ ነው። ማሽኑ የሚነሣ ከሆነ የግል ፋይሎችን ገልብጠው ያውጡ፤ ከኢሜይልና ከቴሌግራም ይውጡ፤ በብሮውዘሩ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ያጥፉ። ችግሩ የዲስኩ ካልሆነና ዲስኩ በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ እቤት ማስቀመጥም ይቻላል።

ለጠጋኙ የሚነግሩት ኮምፒውተሬ ተበላሸ የሚል ብቻ አይሁን። መቼ እንደጀመረ፣ ምን መልእክት እንዳወጣ፣ እቤት ምን ምን እንደሞከሩ ይንገሩት፤ ያነሡትንም ፎቶ ያሳዩት። የማሽኑን መለያ ቁጥር፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን ጽፈው ሲያበቁ የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ። ፋይል ሳያስፈቅድ ፎርማት እንዳይደረግ በወረቀቱ ላይ ያስጽፉ፤ ብዙ ሰው የዓመታት ፎቶውን ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ማሽኑን ሲረከቡ እዚያው አስነሥተው የራሙንና የዲስኩን መጠን ከጻፉት ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ ቪዲዮ ከድምፁ ጋር ያጫውቱ፤ ቀኑንም ይመልከቱ። የጥገናው ውጤት ጥሩ ሆኖ ኢንተርኔቱ ብቻ ከቀረ ጉዳዩ የኮምፒውተሩ ላይሆን ስለሚችል በኢትዮ ቴሌኮም 994 ይደውሉ። ሲደውሉ የአገልግሎት ቁጥርዎን ይያዙ፤ በሳጥኑ ላይ የትኛው መብራት እንደጠፋም አስቀድመው ያስተውሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።